ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም አስፋልት፦ ፈረሰኛና አሽከርካሪ በመሐል አዲስ አበባ

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ፈረስ ጠርቻለሁ» የሚል ሰው የሚጠብቀው መኪና ነው። ስሙን የተዋሰው የስልክ መተግበሪያ ተለምዶ፣ ባለ አራት እግሩ ፈረስ መንገድ ላይ ብቅ ሲል ግን ብዙ አሽከርካሪ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ይገባዋል። የካቲት 23 የዓድዋ ድል በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ሲከበር፣ በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም ኢሬቻ ሆራ ፊንፊኔ ሲከበር ፈረሰኞች ወደ ከተማዋ እምብርት ይገባሉ። ለዓመቱ ቀሪ ቀናት ደግሞ የአራት ኪሎና የፒያሳ አሽከርካሪ ፈረስ ሳያይ ሊከርም ይችላል።

በበዓላቱ ማግስት አንድ ክርክር ይደጋገማል። አንዱ ወገን ፈረስ የሚያምረው በሜዳ ነውና ከመሐል ከተማ ይውጣ ይላል። ሌላው ደግሞ ከተማዋ በፈረስና በበቅሎ የተቆረቆረች ናት፣ እንግዳው መኪናው ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚዘሉት ነገር አለ። ፈረሱ ራሱ መንገድ ላይ ምን ያያል? ምን ይሰማል? ሲደነግጥስ ምን ያደርጋል? የአደጋው ምንጭም መከላከያውም ያለው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ከአህያ የተማርነው ለፈረስ አይሠራም

የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ከጋማ ከብት ወገን በደንብ የሚያውቀው አህያን ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ዙሪያ የመኪና ሰልፍ የጭነት አህያን ሲከተል፣ ሚኒባሱ ክላክስ ያሰማል፣ ይጠጋል፣ እንደገና ክላክስ ያሰማል። አህያዋ ወይ ባለችበት ትገተራለች፣ ወይ በነጂዋ ዱላ ቀስ ብላ ዳር ትይዛለች። አሽከርካሪው ይናደድ ይሆናል እንጂ የከፋ ነገር ሳይደርስ ያልፋል። ከዚህ የተወሰደው ትምህርት «እንስሳ መንገድ ሲዘጋ ተጠግቶ መጮህ ነው» የሚል ነው።

ይህ ልማድ ፈረስ ላይ ሲውል ውጤቱ ሌላ ነው። የአህያ ዘር የመጣው ከደረቅና ድንጋያማ ምድር ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ ሳያዩ መሮጥ እግር ያሰብራል። ስለዚህ አህያ ስትፈራ መጀመሪያ ትቆማለች፣ ነገሩን ታጤናለች። ግትር የሚል ስም ያተረፈላትም ይኸው ነው። ፈረስ ግን የሰፊ ሜዳና የመንጋ እንስሳ ነው። አጥቂ የመሰለው ነገር ሲመጣ ያዳነው ፍጥነቱ ነው። መጀመሪያ ይሸሻል፣ ነገሩ ምን እንደነበር የሚያየው ከሸሸ በኋላ ነው። በአማርኛ ደነበረ የምንለው ይህንኑ ነው። መደንበር የጠባይ ብልሽት ሳይሆን የተፈጥሮ መከላከያ ነው፤ የተገራ ፈረስም ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አይተወውም።

ስለዚህ አህያን ዳር የሚያስይዘው ክላክስ ፈረስን ወደ መኪናው መስመር ሊወረውረው ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ አሽከርካሪው ይህን የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን በልምድ መሆኑ ነው። ልምድ ራሱን አይጠራጠርም።

መንገዱ ከኮርቻው በታች ሲታይ

የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በመሆናቸው አንገቱን ሳያዞር ወደ 350 ዲግሪ የሚጠጋ ዙሪያውን ያያል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ያለውን ትንሽ ክፍተትና ልክ ከጭራው ኋላ ያለውን ቦታ ነው። ከኋላ ተጠግቶ የሚከተል መኪና እንግዲህ በዚሁ በማይታየው ቦታ ላይ ነው። ፈረሱ ድምፁን ይሰማል፣ አካሉን አያይም። መኪናው ድንገት ወጣ ብሎ ሊቀድም ሲል ከባዶ ቦታ የተፈጠረ ግዙፍ ነገር ጎኑ ላይ ይደርስበታል። ከሩቅ ጀምሮ ወደ ግራ ሰፋ ብሎ የሚመጣ መኪና ግን ቀደም ብሎ በዓይኑ ጥግ ይገባለታል።

ሌላው ብርሃን ነው። የፈረስ ዓይን በጨለማ ከሰው የተሻለ ቢያይም፣ ከደማቅ ብርሃን ወደ ጥላ ሲገባ ለመላመድ ከሰው የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ሜክሲኮ አደባባይ ወይም ስታዲየም አካባቢ ከቀላል ባቡሩ ድልድይ ሥር የሚወድቀው ጥቁር ጥላ ለእኛ ጥላ ብቻ ነው። ለፈረስ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። በላይ ባቡር ሲያልፍበት ደግሞ ጉድጓዱ ያጓራል። የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳን፣ የዝናብ ውኃ ያቆረ ስንጥቅ፣ ነጭና ጥቁሩ የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም፣ በነፋስ የሚንከባለል ፌስታል፣ ሁሉም ለደጋ ፈረስ እንግዳ ነገሮች ናቸው። ፈረሰኛው ቀጥ ብሎ እየሄደ ሳለ ፈረሱ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ጎን ቢዘል መንስኤው ለአሽከርካሪው ላይታይ ይችላል። ጎኑን ታክኮ ማለፍ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ጆሮውም ከእኛ ይለያል። ሰው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ይሰማል (ኸርዝ ድምፅ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት ነው)፤ ፈረስ ደግሞ ከ33 ሺህ በላይ ይሰማል። የተበላ የፍሬን ሸራ ፉጨትና የከተማ አውቶቡስ የአየር ፍሬን ሲተነፍስ የሚያሰማው ድምፅ ፈረሱን የሚወጋው እኛ ከምንገምተው በላይ ነው። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ድምፅ አልባ የኤሌክትሪክ መኪኖች በቦሌና በካዛንቺስ ጎዳናዎች በዝተዋል። ለነዋሪው እፎይታ ነው። ከኋላው ምንም ሳይሰማ ድንገት ጎማ አጠገቡ የሚያገኝ ፈረስ ግን ከሞተሩ ጩኸት ባላነሰ በጸጥታው ሊደነግጥ ይችላል። መፍትሔው ክላክስ አይደለም፤ ርቀት ጠብቆ መከተል ነው፣ ፈረሰኛው ዞር ብሎ እስኪያይ ድረስ።

ፈረስ ከመደንበሩ በፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ሁለቱ ጆሮዎች አንድ ነገር ላይ ተተክለው ሲቀሩ፣ አንገቱን ሽቅብ ሲያነሳ፣ ወደ ጎን ሲራመድ፣ ጭራውን ሲያጣብቅ ውስጡ ተረብሿል ማለት ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ደግሞ ለመራገጥ ሊዘጋጅ ይችላል። ይህን ለማንበብ ፈረሰኛ መሆን አያስፈልግም፤ ከመሪው ኋላ ሆኖ የፈረሱን ጆሮ ማየት ይበቃል።

በደንባራ በቅሎ ቃጭል

አባባሉ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ነው፤ የዘንድሮው ቃጭል ክላክስ ነው። በአዲስ አበባ ክላክስ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም። ሰላምታ ነው፣ ተሳፋሪ መጥሪያ ነው፣ የሠርግ አጀብ ነው፣ የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ በሆነ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ የፊተኛውን መቀስቀሻ ነው። በየካቲት 23 ደግሞ የደስታ መግለጫ ይሆናል። ባንዲራ ያጠለቀ መኪና ፈረሰኞችን ሲያይ አክብሮቱን የሚገልጸው ክላክሱን በረጅሙ በመጫን ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ውጤቱ ክፉ። በመስኮት እየወጡ ባንዲራ ማውለብለብ፣ ሞተር ብስክሌትን ማስጓራት፣ ርችት መተኮስ ከዚሁ ወገን ናቸው።

ነገሩን የሚያከብደው እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን መግጠማቸው ነው። ፈረስ ከማንኛውም ድምፅ ጋር ቀስ በቀስ ሊላመድ ይችላል፤ በየቀኑ ከመኪና ጋር የሚውል የጋሪ ፈረስ ጎኑ በሚያልፈው ከባድ መኪና አይገረምም። ወደ መሐል አዲስ አበባ የሚመጣው የበዓል ፈረስ ግን የደጋ ሜዳ የለመደ ነው፤ ከተማዋን የሚያያት በጣም በምትጮህበት ቀን ነው። አሽከርካሪውም ፈረስ የሚያየው በዚያው ቀን ብቻ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ወገኖች በዓመቱ እጅግ በተጨናነቀው ሰዓት ይገናኛሉ። በፒያሳ የክላክስ ድምፅ የማያስደነግጠው ፈረስ ንጉሠ ነገሥቱን ተሸክሞ ሁለት እግሩን ያነሳው የነሐሱ ፈረስ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ርቀትና ፍጥነት

በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚጓዝ መኪና በሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅ፣ ፍሬኑ ከመያዙ በፊት 21 ሜትር ገደማ አልፏል። በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያህል ይጨመራል፤ በድምሩ 35 ሜትር ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ይኸው ድምር ወደ 17 ወይም 18 ሜትር ይወርዳል። በ15 ኪሎ ሜትር ከስምንት ሜትር አይበልጥም። የደነበረ ፈረስ አንዱን መስመር ለማቋረጥ ከአንድ ሴኮንድ ብዙ የሚበልጥ ጊዜ አያስፈልገውም። በ50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ አሽከርካሪ እንግዲህ ገና እግሩን ሳያነሳ ይደርስበታል።

ግጭቱም የተለየ ነው። መኪና ፈረስን ሲመታ መጀመሪያ የሚያገኘው ረጃጅም እግሮቹን ነው። ከባዱ አካል ከኮፈኑ በላይ ስለሚገኝ በቀጥታ ወደ መስታወቱና ወደ ጣሪያው ይወድቃል። ከፈረሰኛውና ከፈረሱ ሌላ የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሰዎችም ለሞት የሚዳረጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረስ ግልቢያ በአውራ ጎዳና የተለመደባት ብሪታንያ በጥር 2014 ዓ.ም. የመንገድ ደንቧን ስታሻሽል ለአሽከርካሪዎች ሁለት ቁጥሮች አስቀምጣለች፤ ፈረስ ሲታለፍ ፍጥነቱ ከ16 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የጎን ርቀቱም ቢያንስ ሁለት ሜትር እንዲሆን።  ከቸርችል ጎዳና በታች ባሉት ሰፋፊ መንገዶች ይህን ማድረግ አይከብድም። እንደ ቀድሞው ዶሮ ማነቂያ ባለ ጠባብ መንገድ ሁለት ሜትር የሚገኘው ተቃራኒው መስመር ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ባዶ ካልሆነ ከኋላ ቆሞ መጠበቅ ነው። ከሚያልፈው ጊዜ አንጻር ጥበቃው ብዙ አይደለም፤ ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ በበዓል ቀን ከሚንፏቀቀው ታክሲ ላይዘገይም ይችላል። ካለፉ በኋላ ደግሞ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ መርገጥ ያሳለፉትን ሥጋት መልሶ መጥራት ነው።

ሕጉ ፈረሰኛን ምን ይለዋል?

በሕዝብ ንግግር ውስጥ ያለው ብዥታ አንዱ ይህ ነው፤ ፈረሰኛ እግረኛ ነው ወይስ ተሽከርካሪ? በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት «አሽከርካሪ» ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጉም ውስጥ የሚጋለብ ወይም የሚጫን እንስሳ በመንገድ ላይ የሚመራን ሰው ያካትታል። በዚህ አተያይ ፈረሰኛ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚወጣ ሳይሆን ከተሽከርካሪዎች ጋር የቀኝ ዳሩን ይዞ የሚሄድ፣ ለምልክትም የሚገዛ የመንገድ ተጠቃሚ ነው። በኮሪደር ልማት የተሠሩት ለስላሳ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችም ለሰኮና የታሰቡ አይደሉም፤ ያንሸራትታሉ፣ ብስክሌትም እንደ ኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳያሰማ ይደርሳል።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ ያለው ጥያቄ ደግሞ የኃላፊነት ነው። የ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከቁጥጥሩ ውጭ ቢሆንም እንኳ። በአንቀጽ 2081 ደግሞ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ይሆናል። የሕግ ሰዎች ያለጥፋት የሚመጣ ኃላፊነት የሚሉት ነው፤ ማን አጠፋ ከሚለው በፊት ጉዳቱን ያደረሰው ነገር የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ተጎጂው ራሱ ያጠፋው ካለ ግን ይታሰባል። ስለዚህ «ፈረሱ ነው የደነበረው» የሚለው የአሽከርካሪ መከራከሪያም፣ «ክላክስ ነው ያስደነበረው» የሚለው የባለ ፈረስ መልስም ብቻውን ነጻ አያወጣም። ልዩነቱ ኪስ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ባለመኪና የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ አለበት፤ ይህ ግዴታ የተጣለው በባለሞተር ተሽከርካሪ ላይ ስለሆነ ባለ ፈረሱ ካሳ ቢፈረድበት የሚከፍለው ከራሱ ነው። ለብዙ ገበሬ ደግሞ ከፈረሱ የሚበልጥ ንብረት ላይኖረው ይችላል።

ከኮርቻው ላይ የሚጠበቀው

ሸክሙ ሁሉ የአሽከርካሪ ነው ማለት ግን ልክ አይሆንም። ጫማ ያልተመታለት ሰኮና አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ለስላሳ የብረት ጫማ ያለው ደግሞ በተለይ በቁልቁለት ይንሸራተታል። ከጊዮርጊስ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አቅጣጫ የሚወርደውን መንገድ በሽምጥ ግልቢያ የሚወርድ ወጣት የራሱን ጉልበት ሳይሆን የፈረሱን እግር እየፈተነ ነው። ጉግስ የሜዳ ጨዋታ ነው፤ ለማቆም ሣርና አፈር ይፈልጋል። አስፋልት ላይ የሚያዋጣው እርምጃ ነው፣ ቢበዛ ሶምሶማ።

አንድም ቀን መኪና አጠገብ ያልዋለ ፈረስን በበዓል ዋዜማ ወደ መስቀል አደባባይ ማምጣት ፈረሱንም ሕዝቡንም መበደል ነው። ለሳምንታት ቀደም ብሎ ወደ ትልቁ መንገድ ዳር እያወጡ ማላመድ፣ ከተማ ሲገቡም የለመደውን ፈረስ ከመኪናው ወገን፣ ጀማሪውን ከውስጥ ማድረግ የቆየ የፈረሰኛ ብልሃት ነው። የደነገጠን ፈረስ ልጓሙን በኃይል መሳብም ፍርሃቱ ላይ ሕመም ይጨምርበታል። የእጅ ምልክትም ይረዳል፦ እጅን ዘርግቶ ቀስ እያሉ ዝቅ ከፍ ማድረግ «ፍጥነት ቀንስ» እንደማለት ነው፣ መዳፍን ወደ መኪናው ማቆም «ቁም»፤ አሽከርካሪም ሳይማረው ሊገባው ይችላል። ፎቶ ለመነሳት ከፈረሱ ኋላ የሚሰለፈው ተመልካች ደግሞ የሚመርጠው በጣም መጥፎውን ቦታ ነው።

ይታገድ የሚሉና ይቀጥል የሚሉ

ይታገድ የሚሉት ሁለት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። አስፋልት ፈረስን ይጎዳል፤ ሕዝብ የታጨቀበት አደባባይም የደነበረ ፈረስ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ይቀጥል የሚሉት የሚያነሱት የታሪክ ጉዳይ ቢሆንም ቀላል አይደለም። መሪዎቻችንን በፈረስ ስማቸው የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ እንላለን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት በዓድዋ የተሰለፉትን ፈረሶች ጭምር ለማስታወስ ነው። የዓድዋን በዓል ያለ ፈረስ ማክበር ታሪኩን ከወገቡ መቁረጥ ይሆናል።

ሆኖም ታሪክ የፈረስን ሰኮና ከመንሸራተት አያድነውም፣ እገዳም ፈረሰኛውን ቤቱ አያስቀረውም፤ ምናልባት መንገድ ቀይሮ ወዳልተጠበቀበት አቅጣጫ ይልከዋል። ሚዛን የሚደፋው ሦስተኛው አማራጭ ይመስላል፦ የታወቀ መግቢያና መውጫ መስመር፣ የተወሰነ ሰዓት፣ ውኃና ማረፊያ ያለው መሰብሰቢያ ሜዳ። ለዚህ ከጃን ሜዳ የተሻለ ቦታ ከተማዋ መሐል የለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደዚያው ተዛውሮ ሜዳው ለወራት የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆኖ ነበር፤ ለቀጣዩ ጥምቀት እንዲደርስ ለማጽዳት የፈጀው ጥረት ከተማዋ ያላት ክፍት ሜዳ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ አሳይቷል። «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» ለማለት ሜዳው መኖር አለበት።

በአሁኑ አሠራር ፖሊስ ከየበዓሉ በፊት ለተሽከርካሪ ዝግ የሚሆኑ መንገዶችን ዝርዝር ያወጣል። ይህ አደባባዩን ይሸፍናል። ፈረሰኛው ግን ከአደባባዩ አይፈጠርም። ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ፣ ከሰንዳፋ በኮተቤ፣ ከሆለታ በአስኮ በኩል፣ አንዳንዱ በአይሱዙ ተጭኖ አንዳንዱ ተጋልቦ፣ ገና ሳይነጋ ይደርሳል። ሲመለስ ደግሞ ፕሮግራሙ አልቆ መንገዱ ተከፍቷል። ታክሲዎች የባከነውን ሰዓት ለማካካስ ይፈጥናሉ፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ ከአስኮ አቅጣጫ የአሽከርካሪውን ዓይን ትወጋለች፣ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽበት ውሎ ደክሟል፣ ፈረሰኛው ነጠላውን እንጂ አንጸባራቂ ሰደርያ አልለበሰም። ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለው ዳገት ላይ ሲደርሱ መንገዱ ለተሽከርካሪ ዝግ ነው የሚል ፖሊስ የለም።